የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሦስት ኤዲተር በአንድ ማከማቻ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የሠርግ ቪዲዮ እንሠራለን። ሦስት ኤዲተሮች ነን፤ እስካሁን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስንቀባበል ቆየን። ጥር ሲገባ ግን ሥራው ይደራረባል፣ የመጨረሻው ኮፒ የቱ እንደሆነም ይጠፋብናል። በሦስት ካሜራ፣ በ4ኬ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ነው የምንቀርጸው። ከአንድ ቦታ እየከፈትን እንድንሠራ ምን እንግዛ? 10 ጊጋቢት ኔትወርክ የግድ ነው የሚሉን አሉ።

መልስ፦ የግድ አይደለም። 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው። ሦስቱን ካሜራ ጎን ለጎን የከፈተ ኤዲተር በሴኮንድ 37.5 ይጎትታል፤ ሦስታችሁም ስትሠሩ 112.5 ይሆናል። የ1 ጊጋቢት መስመር በተግባር የሚያሳልፈው 110 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚጨናነቀው ከሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉ ሁሉ ከሚቀመጥበት የጋራ ኮምፒውተር፣ የሚወጣው ገመድ እንጂ የየራሳችሁ መስመር አይደለም። በዚያ ላይ አንዱ ከካሜራ ካርድ መገልበጥ ከጀመረ የሌሎቹ ታይምላይን መቆራረጡ አይቀርም።

በ280 ሜጋባይት ገደማ የሚሠራው 2.5 ጊጋቢት ይበቃችኋል፦ ባለ 5 ወደብ ስዊች (ገመዶቹ የሚገናኙበት ሳጥን)፣ ለሰርቨሩ የ2.5 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ። የኤዲተሮቹ ኮምፒውተሮች ለጊዜው በ1 ጊጋቢት ይቆዩ። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ቢሆን ችግር የለውም፤ ትሩናስ የሚባለው የፋይል ሰርቨር ሲስተም በነጻ ይጫንበታል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ዲስክ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ ደህና ነው፤ ዘጠኝ ፋይል በአንዴ ሲጠየቅ ግን የማንበቢያ ጭንቅላቱ ወዲያ ወዲህ በመዝለል ጊዜውን ይጨርሳል። ስለዚህ በእጅ ያለው ሥራ 4 ቴራባይት ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፤ ያለቀው ደግሞ እርስ በርስ በሚገለበጡ ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ላይ። ሦስት ካሜራ 6 ሰዓት ቢቀርጽ 810 ጊጋባይት ስለሚሆን ኤስኤስዲው አራት ሠርግ ይይዛል። ሃርድ ዲስኩ ሲኤምአር የሚባለው ዓይነት መሆኑን ጠይቁ፤ ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት ብዙ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል። ስለ ደጋው አትጨነቁ፤ ተራ ሃርድ ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ነው የሚመረተው፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ገደማ ናት።

ሁለት ዲስክ መኖሩ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል። ኤስኤስዲው ሌሊት ሌሊት ወደ ሃርድ ዲስኮቹ ይገልበጥ፤ እነዚያ ኤክስተርናሎች ደግሞ ተጨማሪ ኮፒ ይዘው ሌላ ቤት ይቀመጡ። ሁለት ኮፒ ሳይኖር የካሜራ ካርድ አይፎርማት።

መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ዩፒኤሱ (በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) በዩኤስቢ ገመድ ይያያዝ። ይህን ገመድ ሳያገናኝ የሚተው ብዙ ነው፤ ያኔ ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ከማቆየት አያልፍም።

የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ካሽ (ጊዜያዊ ፋይሎቹ) በየኮምፒውተሩ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን። ፕሪሚየር ፕሮ የምትጠቀሙ ከሆነ ፕሮጀክት መቆለፊያውን አብሩ፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ሥራ ይደመስሳል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮጀክቱን በዳታቤዝ ስለሚይዝ የራሱን ፕሮጀክት ሰርቨር ይፈልጋል። ቪዲዮው አሁንም ከተቆራረጠ አንዱን ክሊፕ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣችሁ ሞክሩ፤ እዚያም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም፣ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ኮፒ) ሥሩለት።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። ስዊቹም የኔትወርክ ካርዱም 1 ጊጋቢት ነው፣ ኮፒው ግን በሴኮንድ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም።

መልስ፦ 11 ማለት መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል ማለት ነው። 100 ሜጋቢት የሚፈልገው ብርቱካናማና አረንጓዴ ጥንዶችን ብቻ ነው፤ ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ሽቦ መገናኘት አለበት። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው በዚህ ተራ እንደገና ይሰኩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ከመዳብ ቀለሙ ሥር ብርማ ከወጣ አልሙኒየም ነው፣ ገመዱን መልሰው ሙሉ መዳብ ይግዙ።