ለመልአኩ ማን ቡና አፈላለት?

ልጆቼ፣

በዚህ ክረምት የእህቴ ልጅ አንድ ጥራዝ በፌስታል ጠቅልላ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጣች። እሷና ጓደኞቿ የጻፏቸው 11 ታሪኮች ናቸው። «ጋሼ፣ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አንባቢ ይመልከቱልን» አለችኝ። 31 ዓመት በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ችሎት ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ የሚቻል ነገር አይደለም። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ ኅዳጉ ላይ እየጻፍኩ፣ እንደ መዝገብ አገላብጬ አነበብኳቸው። ይህ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ነው። ውሳኔ ስላልሆነ ይግባኝ ማለት አያስፈልጋችሁም።

አሥራ አንዱም ስለ መልአክና ስለ ሰው ናቸው። ከውጭ ፊልሞች ያገኛችኋቸውን ገጸ ባሕርያት ተውሳችሁ፣ ፈጣሪዎቻቸው ያላሰቡትን ታሪክ ቀጥላችሁላቸዋል፤ ፋን ፊክሽን እንደምትሉትም ተነግሮኛል። ተውሶ መጻፍ ነውር አይመስለኝም። ደጋግማችሁ የምታመጧቸውን ነገሮች እኔ ጥለት እላቸዋለሁ። ሸማኔ የጎረቤቱን ጥለት ቢኮርጅ የሚከሰው የለም፤ ድሩ ሳስቶ ጥለቱ ብቻ ካማረ ግን ነጠላው ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ጥለቶቻችሁን እነሆ ቆጠርኳቸው። ጠባቂው መልአክ በሚጠብቃት ልጅ ፍቅር ይወድቃል። ክንፉን በካፖርት የሸፈነ እንግዳ ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ብቅ ይላል። መልአኩና ልጅቷ መጀመሪያ ይጣላሉ፣ ኋላ ይዋደዳሉ። መንገድ ይዘጋና ደብረ ሲና ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ የቀረበት ማረፊያ ያገኛሉ፤ ይህ በሦስት ታሪኮች ውስጥ አለ፣ እኔ ግን ደብረ ሲና ስንት ጊዜ አድሬ አልጋ ጠፍቶብኝ አያውቅም። በመጨረሻም መልአኩ ስለ ፍቅር ብሎ ክንፉን ቆርጦ ይጥላል።

የሃይማኖቱን ነገር ለአባቶች እተዋለሁ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ላይ «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት ከደብር ቅዱስ የወረዱት፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው፣ መልአክ ሥጋ የለውምና አያገባም ብለው የቤተ ክርስቲያን መምህራን እንደሚያስተምሩ አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ስለ አጻጻፋችሁ ነው። ነገር ግን አንዲት ልጅ ከታሪኳ በፊት «ከዚህ ቀደም በአገራችን ያልተሞከረ» ብላ ጽፋለች፤ እዚያ ላይ ቀዩ እስክሪብቶ ትንሽ ጠንከር ብሏል። መላእክት ለሰው ሴቶች ልጆች ብለው መውረዳቸውን የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉውን አልነበረውም። እናንተ የምትጽፉት ነገር ጥንቱ እዚህ፣ በአያቶቻችሁ ብራና ላይ ነው።

ሄኖክን መጀመሪያ ያነበብኩት በችሎት ሥራ ላይ ሳለሁ ስለነበር ከመላእክቱ ይልቅ የሕግ ነገሩ ነው የያዘኝ። ሁለት መቶ መላእክት የሰው ልጆችን ሴቶች ልጆች አይተው ተመኙ። አለቃቸው ስምያዛ ግን ፈራ፤ እናንተ ትመለሱና የዚህን ታላቅ ኃጢአት ዕዳ እኔ ብቻዬን እከፍላለሁ አለ። ስለዚህ በሄርሞን ተራራ ላይ ሁሉም ተማማሉ፣ በውግዘት ተሳሰሩ። ግብረ አበርን አስቀድሞ በመሐላ ማሰር ምን ያህል የቆየ ነገር እንደሆነ እዩልኝ። ከዚያ ወረዱ፤ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ዓይን መኳልንም አስተማረ። ምድር በደም ተሞላች። ፍርድ ሲመጣባቸው ቀና ብለው ወደ ሰማይ ማየት አፈሩ፤ ሄኖክንም ማመልከቻ ጻፍልን ብለው ለመኑት። ሄኖክ በዳን ውኃ አጠገብ ተቀምጦ ልመናቸውን እያነበበ እንቅልፍ ወሰደው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ዘርግተው አቤቱታ የሚጽፉትን ሰዎች ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይህ ነው። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም፤ የተሰጣቸውም መልስ፣ እናንተ ስለ ሰው ልትለምኑ ሲገባችሁ ሰው ስለ እናንተ ይለምናልን የሚል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል። ሁለት መቶው ሲማማሉ ከሴቶቹ አንዷን እንኳን የጠየቀ የለም። የመረጡት እነርሱ ናቸው። እናንተም፣ ይቅር በሉኝ፣ ከዚህ ብዙ አልራቃችሁም። ጠባቂው መልአክ ልጅቷ ተኝታ ሳለች አጠገቧ ቆሞ ያድራል፣ ደብዳቤዋን ያነብባል፣ የት እንደምትሄድ ያውቃል፤ እሷ ስሙን እንኳን አታውቅም። ይህን ሰው ክንፉን ነቅላችሁ፣ ጋቢ አልብሳችሁ ወደ ችሎት ብታመጡት ምን ተብሎ እንደሚጠራ አስቡት። በአንዱ ታሪክ ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፣ እርሱ ከጥፋት ውኃ በፊት ነበረ። የቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ይላል፤ ለክንፍ የተለየ አንቀጽ አላወጣም። ሌላው ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ይህችን ግን አስተካክሏት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የፍቺ መዝገብ ስመረምር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረ፦ ማን ምን ይዞ ገባ? ንብረቱን ለማካፈል ይጠቅማል፤ ከንብረት በላይም ብዙ ነገር ይገልጣል። አሥራ አንዱን ታሪኮቻችሁን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። መልአኩ ክንፉን ሰጠ፣ ዘላለማዊነቱን ሰጠ፣ ከሰማይ ተባረረ፣ ከመኪና አደጋ አዳናት። እሷስ? ወደደችው። አለቀሰች። በዘጠኙ ታሪኮች ውስጥ ልጅቷ ለመልአኩ አንድ ስኒ ቡና አላፈላችለትም። ይህን ያህል መንገድ ከሰማይ ለመጣ እንግዳ! ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አላውቅም።

ሁለቱ ግን ተለይተው ይታያሉ፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። በእርሱ፣ አንዲት የመንዝ ባልቴት ጓሳ ሣር ውስጥ ክንፉ የተሰበረ ፍጡር ታገኛለች። ማንነቱን አልጠየቀችም፤ የበግ ጠጉር ባና አለበሰችው፣ የበግ ወተት ስለሌላት የጎረቤት ላም ወተት በብድር አመጣችለት። ሲድን ሄደ። ፍቅር የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ አልተጻፈም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህ የእኛ የጥንት ትረካዎች መንገድ ነው። ኅዳር 12 የሚነበበውን ስንክሳር አስቡ። ባልና ሚስቱ ዱራታዎስና ቴዎብስታ የሚካኤልን በዓል በየወሩ ያከብሩ ነበር፤ ድኽነት መጣና የበዓሉ ቀን ሲደርስ እጃቸው ባዶ ሆነ። ተስፋ አልቆረጡም፣ ልብሳቸውን ሸጠው ሊደግሱ ተነሡ። ሚካኤል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም በመኰንን ተመስሎ። በስሙ በጉን፣ ዓሣውንና ስንዴውን በዱቤ እንዲያመጡ አደረገ፤ ከዓሣው ሆድ 300 ዲናር ወርቅ ወጣ። መጀመሪያ ያዘዛቸውም የባለበጉን፣ የባለዓሣውንና የባለስንዴውን ዕዳ እንዲከፍሉ ነው። (ዋስ ሆኖ ዕዳውን ያስከፈለ መኰንን በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ አላጋጠመኝም።) ቤታቸው የገባው መልአክ መሆኑን ሳያውቁ ነው የሰጡት። ተአምሩ ያማረው ልብሳቸውን ሊሰጡ ቀድመው ስለተነሡ ነው።

ስለ ወዳጅነትም ከፍቅር በላይ የሚያስተምራችሁ መጽሐፈ ጦቢት ነው። ሩፋኤል አዛርያስ ነኝ ብሎ ከጦብያ ጋር በደመወዝ መንገድ ወጣ፤ ውሻቸውም ተከትሏቸዋል። ልጁ ሣራን አገባ፣ መልአኩ አላገባም። ሠርጉ ሲደምቅ ጦብያ የአባቱን ገንዘብ በአደራ ከያዘው ከገባኤል ማምጣት ነበረበት፤ ሙሽራ ድግስ ጥሎ አይሄድም፣ ስለዚህ ሩፋኤል ግመል ይዞ ሄደለት። ሚዜ ማለት ይህ ነው። በጳጉሜን 3 ዝናብ ስትጠመቁ ያደጋችሁ ልጆች፣ የዚያ ቀን መልአክ ለጓደኛው ብር ሊቀበል አገር ያቋረጠ መሆኑን ማን ነግሯችኋል?

እዚሁ ቡልጋ ደግሞ፣ የተክለ ሃይማኖት ገድል ያቆየልን አለ። የዳሞቱ ገዥ ሞተለሚ እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት ወሰዳት፤ ባሏ ጸጋ ዘአብ ቀረ። ሚካኤል በክንፉ ተሸክሞ ወደ ዞረሬ መለሳት። በእናንተ ጥለት ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይዋደዱ ነበር። እዚህ ግን ክንፉ የሌላ ሰው ትዳር መጓጓዣ ነው። ከእነዚያ ባልና ሚስት የተወለደው ተክለ ሃይማኖትም፣ የደብረ ዳሞ ገመድ ሲበጠስበት ስድስት ክንፍ ተሰጠው ይላል ገድሉ። እናንተ ከመልአኩ ክንፍ ትቆርጣላችሁ፣ የአገራችሁ ሰዎች ለሰው ቀጠሉለት። እርሱም ቢሆን በነጻ አልኖረም፤ በቁመት ብዛት አንድ እግሩ ተቆርጧል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ጠላትነት ወደ ፍቅር የሚቀየርበትን ጥለት ስለምትወዱ። በ1976 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ በአንድ ወረዳ ወጣት ዳኛ ነበርኩ። ከዐቃቤ ሕጉ ጋር አንነጋገርም ነበር፤ ሦስት ክሶቹን ተራ በተራ ውድቅ አድርጌበት፣ ሰላምታዬን መቀበል አቁሞ ነበር። በኅዳር ብርድ ተስቦ ያዘኝ። ቤተሰብ የለኝም፣ ያከራየችኝ ሴት ፈርታ በሩን ዘግታብኛለች። ያ ሰው መጣ፣ በራሱ ባና ጠቅልሎኝ እህል በጫነ መኪና ላይ ወጣና ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረሰኝ። ስድን ለምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። «ብትሞትብኝ ከማን ጋር ልጣላ?» አለኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ከእናንተ አንዱ በጻፈው ነበር። አላበቃም። ከስምንት ዓመት በኋላ የወንድሙ የድንበር ክርክር እኔ ችሎት ደረሰ። አንድ ማታ ቤቴ መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ነገሩን ታውቀዋለህ» አለ። ማለዳ ከችሎቱ ራሴን አገለልኩ። ወንድሙ በሌላ ዳኛ ፊት ተረታ። ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። የአንድ ሚካኤል ማኅበር አባላት ስለነበርን ወር በገባ በ12 ጽዋው ሲዞር ከእጁ እቀበላለሁ፤ ቃል የለም። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ብዙ ጊዜ ሊያስታርቀን ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል። መላእክቶቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር አይለምኑም፤ ሕይወታችሁን ያዳነ ሰው የማይገባ ነገር ሲለምናችሁ ምን እንደሚባል ከእነርሱ አትማሩም። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ትክክል መሥራቴን እንጂ ደግ መሥራቴን እርግጠኛ አይደለሁም።

ታዲያ አንድ የኅዳር ማታ ከማኅበር ስንወጣ ጋቢ ሳልይዝ መጥቼ ነበር። ከኋላዬ ጋቢውን ጣለብኝና «ተስቦ ቢይዝህ ሁለተኛ አልሸከምህም» ብሎ አልፎኝ ሄደ። ዕርቃችን ይኸው ነበረች።

ወደ ጥራዛችሁ ልመለስ። በሰባቱ ታሪኮች ውስጥ አንድ ልጅ አለ። የልጅቷ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከእንዋሪ ይመጣል፣ ወይም ከደነባ፣ ሻንጣዋን ይሸከማል፣ ፈተና ስትወድቅ አብሯት ይቀመጣል። መልአኩ ሲመጣ ይረሳል። በሁለቱ ታሪኮች ይሞታል፣ በአንዱ ለሠርጉ ወንበር ያመላልሳል። ቀዩ እስክሪብቶ ደጋግሞ የቆመው እርሱ ላይ ነው። በአምስቱ ታሪኮች ስም እንኳን የለውም፤ «ጓደኛዋ» ብቻ ነው።

በመጪው ኅዳር 12 የማኅበራችን ተረኛ እኔ ነኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጉልበቱ ታሟል፣ ግን በከዘራ ይመጣል። ጥራዙን እዚያው እመልስላችኋለሁ፤ ያን ልጅ ስም አውጥታችሁለት ኑ።