የጉድጓድ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ለሁሉም ነገር ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ይኖራል። እዚያ የድንጋይ ከሰልን ሳያወጡ ከመሬት በታች እያቃጠሉ ጋዝ ያመርቱ ነበር። ገበሬዎች ውሃችን ተበከለ ብለው ተቃወሙ፣ መንግሥትም ከለከለ አለኝ። በእኛም በውጫሌ በኩል ከሰል አለ። እኔ የምጠጣው የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ ነው፤ አፈላዋለሁ፣ ውሃ አጋርም እጨምርበታለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ወደ እኛ ቢመጣ ይህ ይበቃኛል? (ዘ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይበቃዎትም። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የሚገድሉት ጀርም ነው። ተቅማጥንና ታይፎይድን ለመከላከል ፍቱን ናቸውና አይተዉት። ኬሚካል ግን ሌላ ነገር ነው።

ወንድምዎ እውነቱን ነው። ከሰሉ በጉድጓድ በኩል ተለኩሶ አየር ይነፋበታል፤ ጋዙ በሌላ ጉድጓድ ይወጣል። እሳቱ ያለበት ቦታ ግፊት ከዙሪያው ውሃ ግፊት ከበለጠ፣ ጋዝና ሬንጅ መሰል ፈሳሽ በድንጋዩ ስንጥቅ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ይገባል። ኪንጋሮይ በምትባል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራው በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ቤንዚን (benzene፤ መኪና የሚነዳበት ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉ) እና ቶሉይን የሚባሉ ኬሚካሎች ተገኙ። ቺንቺላ በምትባል ሌላ ከተማ አካባቢ የባሰ ሆነ፤ ከ300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬት ላይ ከ2 ሜትር በላይ መቆፈር ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራው ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቺንቺላ ላይ ይሠራ የነበረው ሊንክ ኢነርጂ የተባለው ኩባንያ 4.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። ምን ዋጋ አለው፣ ኩባንያው ያኔ ከስሮ ነበር! ገበሬዎቹ መቃወማቸው ልክ ነበር እላለሁ።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያስጨንቀኝ ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል ነው። በመኪና ነዳጅ ውስጥም አለ። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኔ ያዳክማል፤ የደም ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫዎን አይመኑ፤ ሽታው የሚታወቀው ከዚህ እጅግ በልጦ ሲገኝ ነው። ሲፈላ ደግሞ ተንኖ ቤቱን ይሞላል፣ እርስዎም ይተነፍሱታል።

ይህን ለማሰብ የከሰል ሥራ እስኪመጣ አይጠብቁ። ጉድጓድዎ ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ከሆነ አደጋው ዛሬም አለ። ውሃው ነዳጅ ነዳጅ ካለ አይጠጡት፣ አያፍሉት፣ ልጅም አያጥቡበት። ሲያስመረምሩ «ለቤንዚን (benzene) ጭምር» ብለው ይጠይቁ፤ የተለመደው ምርመራ ጀርምን ነው የሚያየው። ናሙናው አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ በተሞላና በደንብ በተከደነ ብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን።

ድካም፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳ፣ የድድ መድማት ወይም የሚመላለስ ኢንፌክሽን ካለብዎ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ግን ስለ ጉድጓዱ ለሐኪሙ ይንገሩት።

የከሰል ፕሮጀክት መጣ ከተባለም ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ቁፋሮ ሳይጀመር የየጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ በእጃችሁ ይሰጣችሁ። ያ ወረቀት ከሌለ፣ በኋላ ቤንዚን ቢገኝ «ድሮም ነበረ» ይሏችኋል።