መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔ? የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የስሜት መለዋወጥ፦ ጥያቄና መልስ

የሚጥል በሽታ ካለብኝ 17 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ስሜት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የማውቀውን ልመልስ።

ሌቬቲራሴታም ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ። ባለቤቴ «ምን ነካሽ?» ይለኛል። ከመድኃኒቱ ይሆን?

ሊሆን ይችላል እህቴ። ይህ ኬፕራ የምንለው መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ይስማማዋል፤ አንዳንዱን ግን ብስጩና ቁጡ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው።

እኔም አይቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ቡና እያፈላሁ ልጄ ሲኒ ሰበረች። አንድ ሲኒ! ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። ስብርባሪውን እየለቀመች ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ለሐኪሜ ነገርኳት፤ ቀስ በቀስ ወደ ላሞትሪጂን አሸጋገረችኝ። እሱ ስሜት ላይ ይሻላል፤ ሽፍታ ካወጣ ግን ቶሎ ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ላቁመው?

በራስሽ? በፍጹም! በድንገት ሲቆም ፋታ የማይሰጥ መንቀጥቀጥ ሊነሳ ይችላል፤ ሕይወት ያሳጣል። ጸበል የምትሄዱም ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም።

የ8 ዓመት ልጄ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። መምህርቷ «አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ያስቸግራል» ትላለች።

ፌኖባርቢታል ከ100 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ቆሞ የሚሄደው በእሱ ነው። አዋቂን ያደነዝዛል፣ ያስደብታል። ልጆችን ግን በተቃራኒው ሊያቅበጠብጣቸው ይችላል። እባክሽ ልጁን አትምቺው፣ መምህርቷም እንዳትቀጣው ንገሪያት። ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክል ወይም ሌላ ይሞክር።

ቢ6 ቫይታሚን ብስጭቱን ያጠፋል ይባላል?

ኬፕራ ለሚወስዱ አንዳንድ ሐኪሞች ይሞክሩታል። ማስረጃው ገና ጠንካራ አይደለም። ብዙ መጠን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነርቭ ስለሚጎዳ በራሳችሁ አትጀምሩት።

ሰው ማየት አስጠልቶኛል። አንዳንዴ ብሞት ይሻለኛል እላለሁ።

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር። ሌሊቱን ብቻህን አትደር። ሐሳቡ ከበረታ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ክኒኖቹን ቤተሰብ ይያዝልህ፤ የዕለቱን ብቻ ይስጥህ።

ድክመት አይደለም። ድብርት ከበሽታው ከራሱም ይመጣል፣ ከመድኃኒቱም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 የ11 የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ጥናቶች መርምሮ ነበር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ1000 ሰዎች 4 ገደማ ላይ ታየ፤ ካልወሰዱት ደግሞ 2 ገደማ ላይ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ሐኪምህ ሳይደነግጥ ይሰማሃል።

ሐኪሙ የሚያየኝ አምስት ደቂቃ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?

ጽፈሽ ሂጂ። መድኃኒቱ የተጀመረበትና መጠኑ የተጨመረበት ቀን፣ በሽታው የጣለሽ ቀን፣ ስሜትሽ የተበላሸበት ቀን ይኑርበት። አብሮሽ የሚኖር ሰው ቢያግዝሽ ይሻላል፤ እኛ ራሳችን ለውጡን ቶሎ አናየውም። የእኔ ባለቤት በግድግዳው ካላንደር ላይ የጣለኝን ቀን በቀይ፣ የተቆጣሁበትን በሰማያዊ ምልክት ያደርግበት ነበር። መጠኑ ከተጨመረ በኋላ ገጹ ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ሐኪሜ መድኃኒቱን የቀየረችልኝ ያንን ገጽ አይታ ነው።