ድምፅ የሌለው ፊልም ምኑ ያስፈራል?

ጥያቄ፦ የድሮ የወንጀል ፊልም እወዳለሁ። ድምፅ አልባዎቹን ግን አልቻልኳቸውም። ሰው ሲጮህ ካልሰማሁ፣ ጥይት ሲተኮስ ካልሰማሁ ምኑ ያስፈራኛል? ልተዋቸው ወይስ ጥሩ መጀመሪያ አለ?
አንዲት አንባቢ

መልስ፦ ኧረ እባክዎ አይተዉአቸው! በአልፍሬድ ሂችኮክ «ዘ ሎጀር» ይጀምሩ። በ1927 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ የእንግሊዝ ፊልም ነው።

ለንደን በጉም ታፍናለች። ራሱን «ተበቃዩ» የሚል ገዳይ ማክሰኞ ማክሰኞ ወርቃማ ፀጉር ያላቸውን ሴቶች ይገድላል። አንድ ምሽት አፉን በስካርፍ የሸፈነ ሰው መጥቶ ክፍል ይከራያል። የአከራዮቹ ልጅ ደግሞ ፀጉሯ ወርቃማ ነው። ከዚህ በላይ አልነግርዎትም።

ስለ ጩኸት ጠይቀዋል አይደል? ፊልሙ የሚከፈተው በጩኸት ነው። የአንዲት ሴት ፊት ስክሪኑን ይሞላዋል፤ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ምንም አይሰማም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ስትጮህ እያየኋት ማንም የሚሰማት ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን የኮቴውን ትዕይንት ነው። ተከራዩ ፎቅ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል። ታች ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ይወዛወዛል። ከዚያ ጣሪያው ራሱ ይጠፋና እግሮቹ ከአናታችን በላይ ሲመላለሱ እናያለን። ሂችኮክ ይህን ለመቅረፅ ወፍራም የመስታወት ወለል አሠርቶ ካሜራውን ከሥሩ አስቀመጠ። ድምፅ ቢኖር ኖሮ ኮቴው ተሰምቶ ያልፍ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን እርምጃ በዓይናችን እንጠብቀዋለን።

በየትዕይንቱ መሀል ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ያሰለቸኛል ብለው ከሆነም አይስጉ። አከፋፋዩ ፊልሙን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። ለማስተካከል የተጠራው አይቨር ሞንታጉ ብዙዎቹን ጽሑፎች ቆርጦ አወጣ። ግሩም ሥራ ነው የሠራው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታደሰውን ቅጂ ይፈልጉ፤ ሌሊቱ ሰማያዊ ቀለም አለው። ሙዚቃው ካልጣመዎት ቀይሩት እንጂ ፊልሙን አይዝጉት። በዘመኑም ቢሆን ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ይጫወት ነበር።

ለጥይቱ ደግሞ የጆሴፍ ቮን ስተርንበርግን «አንደርወርልድ» ያስከትሉ። እሱም የ1927 ነው። ታሪኩን የጻፈው የቺካጎው ጋዜጠኛ ቤን ሄክት በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ተሸልሞበታል። መጨረሻው ላይ ፖሊሶች የወንበዴውን ቤት ከበው መትረየስ ሲያዘንቡበት ድምፁን የሚናፍቁት አይመስለኝም።