ጥያቄና መልስ፦ 10 ዓመት የተስማማኝ ቀለም ዛሬ ምን ነካው?

አርቴፊሻል ጉትቻ ሳደርግ ጆሮዬ ያሳክከኛል፣ ውሃም ይቋጥራል። ምን ልቀባው?

ጉትቻውን አውልቂው። የሚያሳክክሽ ጉትቻው ውስጥ ያለው ኒኬል የሚባል ብረት ሳይሆን አይቀርም።

ፀጉሬን ጥቁር ቀለም ስቀባ 10 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን በተቀባሁ በ2ኛው ቀን ግንባሬና ዐይኔ አበጠ። ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ እሱ አይሆንም። የበላሁት ዓሣ ይሆን?

ዓሣውን ይተዉት፣ እህቴ። «ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ» የሚሉኝ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው አለርጂ ግን የሚነሳው ሰውነት ቀድሞ በሚያውቀው ነገር ነው።

አብዛኛው ጥቁር ቀለም ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለበት። ብቻውን በጣም ትንሽ ስለሆነ መከላከያ ሴሎች ልብ አይሉትም። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከራሳችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን ባዕድ ይመስላል። የተቆጡት የቆዳ ሴሎች ኢንተርሉኪን 1ን የመሰሉ የድረሱልኝ መልእክቶች ይለቃሉ። ይህን የሰሙ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎች ባዕዱን ይዘው ንፍፊት ወደምንለው እጢ ይወርዱና ቲ ሴሎች ለሚባሉት የሰውነት ተከላካዮች ያሳያሉ። ቲ ሴሎቹም ይባዛሉ፣ ያስታውሳሉ። ሲጀመር ምንም አይታወቅዎትም። መቼ እንደሚሆንም አይታወቅም፤ በ1ኛው ቅባት ወይም ከ10 ዓመት በኋላ።

ከዚያ ወዲያ ሲቀቡ ቲ ሴሎቹ ቆዳው ላይ ይዘምታሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ቆዳን የሚያስቆጣ መልእክት ይረጫሉ፣ አንዳንዶቹም የቆዳ ሴሎችን ይገድላሉ። የሚገርመው፣ የተጠቁት የቆዳ ሴሎች ራሳቸው ተጨማሪ ቲ ሴሎችን መጥራታቸው ነው። በሴሎቹ መሃል ፈሳሽ ሲጠራቀም ውሃ ይቋጥራል። ይህ ሁሉ 1 ወይም 2 ቀን ስለሚፈጅ ጥፋቱ ዓሣው ላይ ይለጠፋል።

ብራንድ ቀይረው አይሞክሩ፤ ፒፒዲው ያው ነው። «ጥቁር ሂና» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ይኸው አለበት። የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድዎን ግን አደራ እላለሁ። የሚያስፈልግዎ በጀርባ ተለጥፎ በ2ኛው ቀን የሚነሳውና ከዚያም ዳግም የሚታየው ምርመራ ነው። በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠው የመርፌ ምርመራ ለዚህ አይሆንም። መተንፈስ ካስቸገረዎት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ባለቤቴ ግንበኛ ነው፣ እጁ ተሰነጣጥቋል። የቆዳ ጓንት ልግዛለት?

የቆዳውን አይግዙ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም አለርጂ ያስነሳል፤ ብዙው ቆዳም የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ሲሚንቶ በራሱም ስለሚያቃጥል ሐኪም ይለየው።

እንዲህ ያለው አለርጂ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

አይተላለፍም።

ማንጎ ስበላ ከንፈሬ ዙሪያ ሽፍ ይልብኛል። በቃ ልተወው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጣጩ ነው። በጥርስ መላጡን ተወውና ሌላ ሰው ይላጥልህ።