ትሪኒዳድና ቶቤጎ ለዓለም ዋንጫ ያለፈችበት ጊዜ
ትሪኒዳድና ቶቤጎ በዓለም ዋንጫ ተጫውታ ታውቅ እንደሆነ ለጠየቁን፣ አዎን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ላይ አንድ ጊዜ ተሳትፋለች። ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 1989፣ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃት የነበረውን ጨዋታ በገዛ ሜዳዋ በፖል ካሊጁሪ ጎል በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከኢጣልያው ውድድር ቀርታለች። በ2005 ግን በሆላንዳዊው ሊዮ ቤንሃከር እየተመራች ባህሬንን ማናማ ላይ በዴኒስ ላውረንስ የግንባር ጎል 1 ለ 0 ረትታ አለፈች። ጀርመን ላይ ከስዊድን ጋር በአስር ተጫዋቾች ታግላ ያለ ጎል ተለያየች፤ በእኔ ግምት የቡድኑ ምርጥ ውጤት ይህ ነው፤ ግብ ጠባቂው ሻካ ሂስሎፕም ድንቅ ነበር። በእንግሊዝና በፓራጓይ ግን በተመሳሳይ 2 ለ 0 ተሸንፋ፣ አንድም ጎል ሳታስቆጥር ተሰናበተች። በ2017 ደግሞ አሜሪካን 2 ለ 1 አሸንፋ ከሩሲያው ዓለም ዋንጫ አስቀርታታለች፤ የ1989ኙን ለሚያስታውስ ደጋፊ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።