የጉባኤ ጉዞ ድጋፍ፦ ማመልከቻው የት ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። በሞለኪውል ሞዴሊንግና ሲሙሌሽን (ሞለኪውሎችን በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት) ጉባኤ ላይ ፖስተር ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ ወጪውን ግን አልችለውም። የጉዞ ድጋፍ ስጠይቅ ምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ድጋፉ በአብዛኛው የሚሰጠው ሥራ ለሚያቀርብ ሰው ስለሆነ ሚዛን የሚደፋው የጥናትዎ አጭር መግለጫ ነው። «የፕሮቲኑን እንቅስቃሴ በሲሙሌሽን አጥንተናል» ብቻ ብሎ ማለፍ ገምጋሚን አያሳምንም። የትኛውን ፎርስ ፊልድ (አተሞች እርስ በርስ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚያሰሉ ቀመሮች ስብስብ) እንደተጠቀሙ፣ ሲስተሙ ስንት አተም እንዳለው፣ ስንት ሲሙሌሽን ለየብቻ እንዳስኬዱና የእያንዳንዱን ርዝመት ይጻፉ። የተለያየ የመነሻ ፍጥነት የተሰጣቸው 3 የ500 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ሲሙሌሽኖች ብዙ ጊዜ ከአንድ የ1500 ናኖሰከንድ ይሻላሉ፤ አንዱ ብቻውን በመነሻ ቅርጹ አካባቢ ታስሮ ቢቀር የሚያመሳክሩበት የለዎትም። ነጻ ኃይል (free energy፣ ለምሳሌ ሞለኪውሎች ምን ያህል አጥብቀው እንደሚጣበቁ የሚለካበት) ካሰሉ የስህተት ወሰኑን አይርሱ። ያለ እሱ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈልም አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ አዘጋጆች የሚከፍሉት ከጉባኤው በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። ከኪስዎ ማውጣት ካልቻሉ የምዝገባ ክፍያው እንዲቀርልዎትና ማረፊያው በቀጥታ እንዲከፈል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀትዎን አይጣሉ።

ቪዛ ካስፈለገ የግብዣ ደብዳቤውን ሥራዎ ተቀባይነት ባገኘበት ዕለት ይጠይቁ። የሸንገን ቪዛ ውሳኔ በመደበኛው 15 ቀን ቢወስድም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይፈልጋል።

የአማካሪዎ ደብዳቤ ደግሞ ከውዳሴ ይልቅ የትኛው የሥራው ክፍል የእርስዎ እንደሆነና ቤተ ሙከራው ምን ያህል ወጪ ሊጋራ እንደሚችል ይግለጽ።